ከግድግዳው በዚህ በኩል

ባለፈው ሳምንት አንድ ያረጀ ኮምፒውተር አጽድቼ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫንሁበት። ሁሉም ነገር በሰላም አለቀ፤ ስክሪኑ በራ፣ ድምፁ ሠራ፣ ኪቦርዱ ታዘዘ። ኢንተርኔት ግን የለም። ኬብሉ እንደተሰካ ነው፤ ራውተሩ በርቷል፤ ስልኬም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ከዓለም ጋር እንደ ልቡ ይነጋገራል። ኮምፒውተሩ ብቻ ኬብሉ የሚሰካበት የኔትወርክ ካርድ እንዳለው እንኳ አያውቅም። በዕቃዎቹ ዝርዝር ውስጥ ካርዱ ስም አልባ ሆኖ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ቢጫ ምልክት ተለጥፎበታል። ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያስተዋውቀው ድራይቨር የሚባለው ትንሽ ሶፍትዌር ደግሞ የሚገኘው ኢንተርኔት ላይ ነው። ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨሩ ያስፈልጋል፤ ድራይቨሩን ለማግኘት ኢንተርኔቱ ያስፈልጋል። በሩ ተቆልፎ ቁልፉ ቤት ውስጥ ቀረ ማለት ይኸው ነው።

ድራይቨሩን በስልኬ አውርጄ በፍላሽ አሻገርሁት፤ ችግሩም በዚያው ተፈታ። ልቤን የያዘው ግን ሌላ ነገር ነው። ጎንበስ ብዬ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ስመለከት፣ ኬብሉ የሚገባበት ቀዳዳ ጥግ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ቀድሞውንም በርታ ነበር። ካርዱና ራውተሩ በኬብሉ ሁለት ጫፍ ሆነው በኤሌክትሪክ ተጠያይቀው፣ በምን ፍጥነት እንደሚነጋገሩ ተስማምተው ጨርሰዋል። ካርዱን ያላወቀው ባለቤቱ ኮምፒውተር ብቻ ነበር። ድራይቨሩ ሲገባ ብርቱካንማዋ መብራት መርገብገብ ጀመረች፤ እኔም እንደ ቆየ ወዳጅ አየኋት።

«ኢንተርኔት ሄደ» ስንል ጣታችንን የምንቀስረው ወደ ሩቅ ነው፤ ወደ ኩባንያው፣ ወደ ምሰሶው፣ ከባሕር ሥር ወዳለው ገመድ። እኔ ግን ባለፉት ዓመታት ካሳደድኋቸው ብልሽቶች አብዛኞቹን ያገኘኋቸው ከግድግዳው በዚህ በኩል ነው፤ ካርዱ፣ ኬብሉና ጫፉ ባሉባቸው ጥቂት ሜትሮች ውስጥ። ይህች ጥቂት ሜትር የእኛ ናት። ልናያት፣ ልንነካት፣ ልንጠግናት እንችላለን። ስለዚህ ስለ እርሷ መጻፍ ፈለግሁ።

ኮምፒውተር ብቻውን የሚኖር ዕቃ የነበረበትን ዘመን አስታውሳለሁ። ታላቅ ወንድሜ አንድ ክፍል ውስጥ፣ እኔ በሚቀጥለው ክፍል፣ እያንዳንዳችን አንድ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረን። ፋይል የምንለዋወጠው በፍሎፒ ዲስክ ነው፤ አንዱ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ብቻ። ትልቅ ፋይል ሲሆን ከፋፍለን በሰባት ዲስክ እንጭነዋለን፤ ስድስቱ ተነበው ሰባተኛው እምቢ ሲል ድካሙ ሁሉ ውኃ ይበላዋል። አንድ ቀን ወንድሜ ሁለት ያገለገሉ የኔትወርክ ካርዶችና አንድ ጥቁር ኬብል ይዞ መጣ። ካርዶቹ ኖቬል የተባለው ኩባንያ ያወጣውን የኤንኢ 2000 ንድፍ ተከትለው የተሠሩ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ይህን ንድፍ ያልቀዳ ካርድ ሠሪ ያለ አይመስልም ነበር፤ ለእኛ ግን በረከት ሆነልን፤ የአንዱ ድራይቨር ለሌላውም ይሠራል።

ካርድ መሰካት ያኔ ቀላል ሥራ አልነበረም። እያንዳንዱ ካርድ ዋናውን ፕሮሰሰር «መልእክት መጥቷል፣ ተመልከተኝ» ብሎ የሚጠራበት ቁጥር አለው፤ ሁለት ካርዶች አንድ ቁጥር ከተጋሩ ይጣላሉ። የእኔ የድምፅ ካርድ ቁጥር 5ን ይዟል፤ አዲሱ የኔትወርክ ካርድም የመጣው 5 ላይ ተቀምጦ ነው። ሙዚቃ ስከፍት ኔትወርኩ ይሞታል፤ ኔትወርኩ ሲነሣ ሙዚቃው ይታነቃል። ሁለት ምሽት ከፈጀብን በኋላ ወንድሜ ካርዱ ላይ ያለችውን፣ ጃምፐር የምትባለውን የጥፍር ታህል ማገናኛ በጥንቃቄ ነቅሎ ወደ ሌላ ቁጥር አዛወራት፤ ጠባቸው በዚያው በረደ።

ኬብሉም የዛሬው ዓይነት አልነበረም። እንደ ቴሌቪዥን አንቴና ገመድ ድቡልቡል የሆነ፣ ኮአክሲያል የሚባለው ነው። ከእያንዳንዱ ካርድ ጀርባ የቲ ቅርጽ ያለው ማያያዣ ይሰካል፤ በኬብሉ ሁለት ጫፎች ላይ ደግሞ 50 ኦም የሆነ ትንሽ መዝጊያ ይታሰራል። መዝጊያው ከሌለ የተላከው ምልክት ጫፍ ሲደርስ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ይመጣና ከኋላው የሚመጣውን ያበላሸዋል። አንዷ መዝጊያ ብትላላ የሚጠፋው የአንዱ ኮምፒውተር ግንኙነት ብቻ አይደለም፤ መስመሩ ሁሉ ይወድቃል። ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን በር ሲከፈት ኬብሉ እየተሳበ ነው።

በመጨረሻ ሁሉም ተገጣጠመ። ወንድሜ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ «መጣ?» ይላል። «አልመጣም።» ጥቂት ቆይቶ እንደገና፣ «መጣ?» እኔ የፒንግን ትእዛዝ እየደጋገምሁ እጽፋለሁ። ፒንግ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ስሙንም ሰርጓጅ መርከቦች የድምፅ ሞገድ ልከው ተመልሶ የሚመጣውን ከሚያዳምጡበት ድምፅ ወሰደ። አንድ ኮምፒውተር «አለህ?» ይላል፤ ሌላው «አለሁ» ይመልሳል፤ ከዚህ ያለፈ ጨዋታ የላቸውም። ድንገት ስክሪኑ ላይ አራት መስመር ወረደ፤ ከወንድሜ ኮምፒውተር 32 ባይት መልስ መጥቷል፣ ከ10 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ። «መጣ!» ብዬ ጮኽሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፈጣን መስመሮች አይቻለሁ፤ እንደዚያች ቁጥር ያስደሰተችኝ ግን የለችም።

ካርዶቹ በዚያ አንድ ኬብል ላይ እንዴት ሳይደነቃቀፉ እንደሚነጋገሩ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ሲገባኝ ደግሞ ተገረምሁ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 1973 በማስታወሻ ያሰፈረው ካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ውስጥ በነበረው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ቦብ ሜትካፍ ነው፤ ከዴቪድ ቦግስ ጋር ሆነውም ሠርተው አስነሡት። መነሻ የሆነው ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የዘረጉት፣ ደሴቶችን በሬዲዮ ያገናኘው አሎሃኔት ነበር። ሜትካፍ ለሥራው ኢተርኔት የሚል ስም አወጣለት። ጥንት የፊዚክስ ሊቃውንት ብርሃን የሚጓዝበት ኤተር የሚባል የማይታይ ነገር ሕዋውን ሁሉ ሞልቶታል ብለው ያምኑ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ሚኬልሰንና ሞርሊ ባደረጉት ሙከራ ፈልገው አጡት። ከሊቃውንቱ መዝገብ የወጣው ስም በኬብል ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ በየቤታችን መኖሩ ደስ ይለኛል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። መሪ የለም፤ ተራ የሚያድልም የለም። መናገር የፈለገ ካርድ መጀመሪያ ኬብሉን ያዳምጣል። ሌላ የሚናገር ካለ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ጸጥታ ሲሆን ይናገራል፤ እየተናገረም ማዳመጡን አያቆምም። ሁለት ካርዶች በአንድ ቅጽበት ጸጥታ ሰምተው በአንድ ቅጽበት ከጀመሩ ድምፃቸው ይጋጫል፤ ሁለቱም ግጭቱን ይሰማሉ፣ ሁለቱም ያቆማሉ፣ እያንዳንዱም በዕጣ የመጣለትን ጥቂት ጊዜ ጠብቆ እንደገና ይሞክራል። ዕጣው ላይ ነው ብልሃቱ፤ ሁለቱም እኩል ቢጠብቁ ኖሮ ተመልሰው ይጋጩ ነበር። እንደገና ከተጋጩ ዕጣው የሚወጣበት የጊዜ ክልል እጥፍ ይሆናል፤ በሦስተኛውም እንደዚሁ። 16 ጊዜ ሞክሮ ያልተሳካለት ካርድ ያንን መልእክት ይተወዋል። በ10 ሜጋቢቱ ኢተርኔት አንዱ የመጠበቂያ እርከን 51.2 ማይክሮሰከንድ ነው፤ ይህም 64 ባይት የሚላክበት ጊዜ ነው። መልእክት ከ64 ባይት እንዳያንስ የተወሰነውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ከዚያ ካጠረ ካርዱ ተናግሮ ጨርሶ ፊቱን ካዞረ በኋላ ግጭቱ ከኬብሉ ሩቅ ጫፍ ተመልሶ ሊደርሰው ይችላል።

ዛሬ ቤታችን ባለው ኬብል ሁለቱም ጫፎች በአንድ ጊዜ መናገርም ማዳመጥም ስለሚችሉ ግጭት የሚባል ነገር ቀርቷል። ያለ አዛዥ ሥርዓት ሊኖር እንደሚችል በዓይኔ ያየሁት ግን በዚያ በአሮጌው ጥቁር ኬብል ላይ ስለሆነ ለእርሱ ያለኝ አክብሮት አልቀነሰም።

ኢንተርኔት ወደ ቤታችን የገባው በስልክ መስመር ነው፤ እየጮኸ በሚደውል የ56 ኪሎቢት ሞደም። ሞደሙ ያለው በእኔ ኮምፒውተር ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትም አንዱ ኮምፒውተር መስመሩን ለሌላው እንዲያካፍል የሚያደርግ መሣሪያ ይዞ መጣ፤ እኛም ያንኑ ቀጭን መስመር ለሁለት ተካፈልነው። ቆይቶ ፈጣኑ መስመር ሲመጣ ሞደሙ ራሱ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው በኔትወርክ ኬብል ሆነ፤ ስለዚህ የእኔ ኮምፒውተር ሁለት የኔትወርክ ካርድ አስፈለገው። አንዱ ፊቱን ወደ ውጭ፣ ሌላው ፊቱን ወደ ውስጥ አዞረ። በውስጠኛው በኩል የገባውን የወንድሜን ጥያቄ ኮምፒውተሬ ላኪው ራሱ እንደሆነ አድርጎ በውጨኛው ይልከዋል፤ መልሱ ሲመጣ ማን እንደጠየቀ አስታውሶ ያደርሰዋል። ዛሬ በየቤቱ መደርደሪያ ላይ የምናየው ራውተር ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም፤ ያው ሁለት ፊት ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ሌሊት እንዳይጠፋብን የማራገቢያውን ድምፅ ታግሰን የተኛንበትን ያንን ኮምፒውተር ሳስበው ራውተሩ ምን እንደሚሠራ ወዲያው ይገለጥልኛል።

ይህ አንዱ ስለ ሁሉ የሚናገርበት ዘዴ የመጣው ከአድራሻ እጥረት ነው። ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት ላይ የሚፈላለጉበት፣ በስፋት የሚሠራበት የአይፒ አድራሻ በ32 ቢት የተወሰነ ስለሆነ ከ4.29 ቢሊዮን ብዙም አይበልጥም፤ ማዕከላዊው የአድራሻ ክምችትም እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 2011 ተከፋፍሎ አለቀ። በ192.168 የሚጀምሩት አድራሻዎች በየቤቱ የሚደጋገሙት ለዚህ ነው፤ ከግድግዳው በዚህ በኩል ብቻ እንዲያገለግሉ የተተዉ ናቸው። ዘዴው እጥረቱን ስላስታገሰልን አመሰግነዋለሁ፤ ነገር ግን የቤት ኮምፒውተሮች ወደ ውጭ ደዋዮች እንጂ ተደዋዮች እንዳይሆኑ አድርጎ ስላስቀራቸው አዝናለሁ። ኢንተርኔት ሲታሰብ ሁሉም ኮምፒውተር ለሁሉም እኩል ነበር። አይፒ ስድስት በሚባለው በአዲሱ የአድራሻ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ አድራሻ መድረስ ይችላል፤ ቶሎ ይስፋፋልን።

ካርዱ ራሱ ግን ሌላ፣ ከዚህ የጠለቀ አድራሻ አለው። ማክ አድራሻ ይባላል፤ 48 ቢት ነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ የሠሪውን ኩባንያ፣ ሁለተኛው ግማሽ ራሱን ካርዱን ያመለክታል። ሲሠራ የተሰጠው ስም ነው። ይህን ስም ከልቤ ያወቅሁት በአንድ የመብረቅ ምሽት ነው። መብረቁ ቤታችንን አልመታም፤ ቅርብ የሆነ ቦታ ወድቆ በመስመሩ በኩል ተሻግሮ መጣ። ካርድ ላይ ኬብሉን ከቀረው ኮምፒውተር የሚለዩ ትናንሽ ትራንስፎርመሮች አሉ፤ እስከ 1,500 ቮልት እንዲከላከሉ ተደርገው ይሠራሉ። የዚያን ምሽቱ ግን ከአቅማቸው በላይ ነበር። ጠዋት አረንጓዴዋ መብራት አልበራችም። ካርዱ ሞተ፤ ኮምፒውተሩ ግን ተረፈ። እኔም ካርዱ ለኮምፒውተሩ ቤዛ እንደሆነለት ቆጠርሁት።

አዲስ ካርድ ሰካሁ። መብራቷ በራች፤ ኢንተርኔት ግን አልመጣም። አገልግሎት ሰጪው ጋር ደወልሁ፤ «መስመሩ ደህና ነው» አሉኝ። ደህና ነበር፤ አልዋሹም። ለሦስት ቀን ያልነገሩኝ ነገር፣ መሥሪያ ቤታቸው መስመሩን ከመጀመሪያው ካርድ ማክ አድራሻ ጋር አስሮት እንደነበር ነው። የማያውቀው ካርድ ሲጠይቀው ዝም ይላል። በመጨረሻ የሞተውን ካርድ አንሥቼ ከጀርባው የተለጠፈችውን ወረቀት አነበብሁ፤ 12 ቁጥርና ፊደል። በአዲሱ ካርድ ማስተካከያ ውስጥ ያንኑ ስም ጻፍሁለት። ወዲያው መስመሩ ተከፈተ። ለብዙ ዓመታት በሞተው ካርድ ስም ስንጠራ ኖርን። ይህ ነገር ዛሬም ያናድደኛል፤ ደንበኛ የገዛው አገልግሎት ከአንድ ቁራጭ ዕቃ ጋር ከታሰረ ሊነገረው ይገባል። በተቃራኒው ስልኮች ማንም በየሄዱበት እንዳይከታተላቸው የፈጠራ ማክ አድራሻ እየቀያየሩ መቅረብ መጀመራቸውን ስሰማ ደስ አለኝ።

ስለ ኬብሉ ጫፍ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ በሕይወቴ ረጅሙን ፍለጋ ያስፈለገኝ እርሱ ነውና። አንድ ጊዜ በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ፋይል ሳስተላልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ11 ሜጋባይት አልፎ አያውቅም ነበር። ካርዶቹ በሰከንድ የ1,000 ሜጋቢት ናቸው፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ ቢያንስ የዚያን ዘጠኝ እጥፍ መስጠት ነበረባቸው። ድራይቨሩን ቀየርሁ፣ ራውተሩን ቀየርሁ፣ ሶፍትዌሩን ወቀስሁ። ወራት አለፉ። አንድ እሑድ ቀን ኬብሉን ነቅዬ ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቼ አየሁት።

በዚያ በሚያሳየው ፕላስቲክ ውስጥ ስምንት ሽቦዎች ተሰልፈው ይታያሉ፤ ነጭ ከብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ከሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ከቡናማ፣ ቡናማ። ሰባቱ እስከ ግንባሩ ደርሰው በወርቃማዎቹ ስለቶች ተነክሰዋል። ሰማያዊው ግን የሩዝ ፍሬ ግማሽ በምታህል ርቀት አጥሯል። ስለቱ የነከሰው ባዶ ነው። 100 ሜጋቢት የሚጠቀመው በብርቱካንና በአረንጓዴ ጥንዶች ብቻ ነው፤ 1,000 ሜጋቢት ግን አራቱንም ጥንዶች ይፈልጋል። ካርዶቹ ሰማያዊው ጥንድ እንደማይመልስላቸው አውቀው በሚችሉት ፍጥነት ተስማምተው ሲሠሩ ኖረዋል፤ አንዲት ቀን እንኳ ሥራ አላቋረጡም። ያን ያህል ያታለለኝም ይኸው ትዕግሥታቸው ነው።

ጫፉን ቆርጬ ጣልሁ። አዲስ ጫፍ ሲሠራ ልብ የሚባለው ነገር ቁጥብነት ነው። ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ሁለቱን እኩል ይነካቸዋል፣ ተቀባዩ ካርድ ደግሞ የሚያነበው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ ረብሻው ይጠፋል። አራቱ ጥንዶች ደግሞ አንዱ የሌላውን ወሬ እንዳይሰማ እያንዳንዱ በተለያየ ጥብቀት ተጠማዟል። ስለዚህ ጥምዝምዙ ከ13 ሚሊሜትር በላይ እንዳይፈታ ይመከራል። ጣቴ ላብ እስኪያወጣ በቅደም ተከተላቸው አሰለፍኋቸው፣ ጫፋቸውን እኩል ቆረጥሁ፣ አስገባሁ፣ ስምንቱም ግንባሩን መንካታቸውን በብርሃን አየሁ፣ ከዚያ ክሪምፐር በሚባለው መጨመቂያ ጠበቅ አድርጌ ጨመቅሁ። መልሼ ስሰካው የመብራቷ ቀለም ተለወጠ። ፋይሉ በሰከንድ ከ100 ሜጋባይት በላይ ሄደ።

ዋይ ፋይ ይህን ሁሉ አስቀርቶልናል የሚሉ አሉ። አልጠላውም፤ ስልክና ላፕቶፕ ያለ እርሱ ምን ይሆኑ ነበር? እ.ኤ.አ. በ1997 በ2 ሜጋቢት ጀምሮ የደረሰበት ቦታ የሚያስደንቅ ነው። ግን እውነቱን እናውቀው። የሬዲዮ ካርድ ሲናገር የራሱ ድምፅ ጆሮውን ስለሚደፍነው ግጭትን መስማት አይችልም፤ ስለዚህ አስቀድሞ በጥንቃቄ ይጠብቃል፣ ለላከውም መልእክት «ደረሰኝ» እስኪባል ይጠብቃል። በ2.4 ጊጋኸርትዙ ሞገድ ላይ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩት መስመሮች ደግሞ በተለመደው አከፋፈል ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ጎረቤትህም፣ የጎረቤትህም ጎረቤት በእነዚያው ላይ ነው። እንግዲህ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ኮምፒውተር ስለምን አየሩን ይሻማል? ኬብል ይሰካለትና አየሩ ለሚንቀሳቀሱት ይተው። ይህን ለማን ያልነገርሁት አለ?

ወንድሜ አሁን ሩቅ ነው የሚኖረው። ኮምፒውተሩ ግን በቀድሞ ክፍሉ ውስጥ አለ፤ ከኔትወርኩ አልነቀልሁትም። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ደውሎ እዚያ የቀረ አንድ የቆየ ፎቶ ፈለገ። ኮምፒውተሩ ጠፍቷል። ሲጠፋ ግን የኔትወርክ ካርዱ ሙሉ በሙሉ አይተኛም፤ ጥቂት ኤሌክትሪክ እየሳበ በጨለማ ውስጥ አንድ የተለየ መልእክት ይጠብቃል። መልእክቱ 102 ባይት ነው፤ በመጀመሪያ ስድስት ባይት ሁሉም ቢታቸው አንድ የሆነ፣ ከዚያ የካርዱ የራሱ ስም 16 ጊዜ ተደጋግሞ። ሌላ መልእክት ሁሉ ያልፈዋል፤ በስሙ 16 ጊዜ ሲጠሩት ግን ይነቃና ኮምፒውተሩን ይቀሰቅሰዋል።

ከተቀመጥሁበት ሳልነሣ መልእክቱን ላክሁ። ከግድግዳው ማዶ ማራገቢያው ሲነሣ ሰማሁ። ፒንግ ጻፍሁ። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነበር።

«መጣ?» አለኝ ወንድሜ።

«መጣ» አልሁት።